እስር

ስድስት ክረምት ሙሉ አንድ ማማ ሠራሁ፣
ድንጋይ ሳላጓጉዝ፣ በቁጥር ብቻ ካብሁ።
በግዳንስክ፣ በኦሊቫ፣ ከዳቦ ቤት በላይ፣
ጋጋሪው ሲነሣ እኔ ስተኛ፣ በደረጃው ስንተያይ።

ማማዋ ላይ አንዲት ፋኖስ ጠባቂ አለች፤
መርከብ ባይመጣም ማታ ማታ ታበራለች።
ይኸው ነው ጨዋታው፤ ተኩስ የሌለበት፣ ጠላት ያልነበረ፤
"ምን ልሠራበት ነው?" ብሎ ወንድሜ ጌራርድ ጠይቆኝ ነበረ፤
"ትጠብቃለህ" ስለው፣ ትከሻውን ሰብቆ ቀረ።

"ሰማንያ ዝዎቲ" ብዬ ዋጋ ቆረጥሁ፣ እጄ እየፈራ፤
ዝዎቲ በቋንቋችን "ወርቃማ" ማለት ነው፤ ስሙ እንኳ ሲያበራ!
በመጀመሪያው ሳምንት ዐሥራ አንድ ሰው ገዛ፤
አንዷ እናቴ ነች፤ ኮምፒውተር የላት፣ ያላት ጠረጴዛ።

በአምስተኛው ወር ከገበያው ቤት ደወሉ፤
"ዋጋ ተጽፎ ሳይሆን ተሰርዞ ነው የሚሸጥ" አሉ።
"ሰማንያን ተዪው፤ ብቻ መስመር ጣይበት፤
ሰው የሚገዛው ያን መስመር ነው፤ ዕቃውን ማን አየበት?"
ጣልሁ። አርባ ሆነ። ሁለት ሌሊት ገዢ እንደ ጎርፍ መጣ፤
ሰማንያ ሲመለስ፣ ሰው እንደ ተሰደበ ተቈጣ።
አርባ ያየ ዐይን ሰማንያን "ሌባ!" ይላል፤
ሃያ ያየ ለታ አርባውንም ይከስሳል።
የሰው ልብ ሚዛኑን ከገበያ ይዋሳል፤
ዝቅ ካለበት ቦታ መልሶ ማንሣቱን ይረሳል።
እኔም ሰው ነኝ።

ከዚያ እስሩ መጣ። እንደ ጎመን
ዘጠኝ ጨዋታ ባንድ ልጥ ተጠፍረን፣
ዋጋችን ዐሥራ ሁለት ዝዎቲ፣ የዘጠኛችን።
በአንድ የአሳማ እርባታና በሁለት የዞምቢ ጦርነት መሐል
ፋኖስ ጠባቂዬ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤
ወንጀሏ ሳይነገራት ታስራለች።
ሰባት ሺህ ሰው ገዛን። ሰባት ሺህ!
እናቴ በስልክ አለቀሰች።
ማታ ሌላውን ዓምድ አየሁ፣ "የከፈቱ" የሚለውን፤
መቶ ዐርባ።
የረከሰ ነገር፣ አልሁ፣ ሁለት ጊዜ ይረክሳል።

በየካቲት ውርጭ፣ በሌሊቱ የመጨረሻ ትራም፣
ሐዲዱን በረዶ ያዘውና ቆምን፤ ከነጂውና ከእኔ በቀር ማንም።
ስሙ ቦጉሚል፤ ደረቱ ላይ ተጽፏል፤ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤
"ዘጠና በመቶ!" ይላል ለብቻው፣ ዓሣ እንደ ነከሰለት ሰው ይንቀጠቀጣል።
"ስንት አለህ?" "ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት።"
"የጨረስኸውስ?" ሳቀ። "የጡረታ ስንቅ ነው፣ እመቤት።"
ከዝርዝሩ ግርጌ ማማዬን አየኋት፤ አመድ ለብሳ፣
ያልከፈቱት ሁሉ እንደሚሆነው፣ ቀለሟ ጠፍቶ፣ ኮስሳ።
"ይችስ?" "እንጃ፤ ከሌላ ጋር ታስራ የመጣች ናት" አለኝ።
የሠራኋት እኔ ነኝ አላልሁም፤ አፌ ከበደኝ።

እሱ ግን ወግ ጀመረ። "ልጅ ሳለሁ አንድ ብቻ ነበረኝ፣
ክረምቱን ጠርሙስ ለቅሜ የገዛሁት።
ሰባተኛው ደረጃ ላይ አንድ ግድግዳ ነበር፣
ሦስት ወር የገፋሁት።
አልተከፈተም። አሁንም ተኝቼ እገፋዋለሁ።"
"ጥሩ ጨዋታ ነበር?"
"ኧረ መናኛ!
ግን ዋጋ ከፍዬበታለሁ።"

ሐዲዱ ሲጠረግ ሌሊቱ ተጋምሷል።
ቦጉሚል፣ የስድስት መቶ ዐሥራ ሁለቱ ጌታ፣
በዚያች ሌሊት ተጫወተ፤ ከእኔ ጋር፤ በነጻ፤
የአንድ ሰዓት ጨዋታ።

ቤቴ ስገባ ደብዳቤ ይጠብቀኛል፤
"የጸደይ ቅናሽ፤ ሰማንያ አምስት በመቶ፤ ይስማማሉ?"
እጄ ቁልፉ ላይ ጎሕ እስኪቀድ ቆየ።
ኪራይ ደርሷል። ተስማማሁ።
ከታች ምድጃው ተለኵሷል፤ ወረድሁ።
ጋጋሪው ትኩሱን እየደረደረ፣ ቀና ሳይል፣
"የትናንቱ በግማሽ ዋጋ ነው" አለኝ።
የምገዛው ምንጊዜም እሱን እንደሆነ ያውቃል።