አርባ ሳንቲ

«ተነሥ እንጂ ኩርዲን፣ ፋኖስህን አብራ፤
ሌሊት የወረደው ሳይረገጥ በፊት፣ እንውጣ ተራራ።
ጓንትህን አትርሳ፤
ዘንጉ የብረት ነው፣ ቆዳ ገፎ ሲያስቀር አይሽርም ጠባሳ።

ትናንት ማታ ሬዲዮው ‹አርባ ሳንቲ› ብሏል፤
ሊናርድ ይህን ሰምቶ የሆቴሉን አልጋ አንድ ሳይቀር ሸጧል።
ሬዲዮው ግን ያለው፣ ልብ ብሎ ለሰማው ሰው፣
‹ከአሥራ አምስት እስከ አርባ፣ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ፣ ንፋስ ካልቀነሰው› ነው።
ሰው ሲሰማ ደግሞ ትልቋን ነው ቁጥር፤
‹እስከ› የምትባል ቃል ከአፍ ወጥታ፣ ጆሮ ሳትደርስ ነው የምትሰወር።

ትንበያ ምን መሰለህ? ትእዛዝ አይደለም ቃሉ፤
የሚመጡት ነገሮች ገና ሲመካከሩ፣
በር ላይ ቆመን ነው የሰማነው፣ ግማሹን፣ ሳይጨርሱ ሲያወሩ።
ያው አንድ ደመና ነው፤ መንደር ላይ ውሃ ይሆናል፣
ጫፍ ላይ ይጋገራል።
ስለዚህ ከቁጥሩ ቀድመህ ከፍታውን ጠይቅ፤
ዜሮ ዲግሪ የት ነች? ከደወሉ በላይ? ወይስ ከማድላይና በረት? እሱን ነው ማወቅ።

ደረስን። ዘንጉን ትከል። ስንት ይላል? አሥራ ስምንት።
የቀረው ሃያ ሁለት?
ሬዲዮው አልዋሸም፤ ንፋስ ነው የሰረቀው፣
ከዚህ ጠርጎ ወስዶ፣ ከሸንተረሩ ጀርባ በጥላው የደበቀው።
እዚህ የጎደለው እዚያ ማዶ ሞልቷል፤
እኔን የሚያስፈራኝ የጎደለው አይደል፣ የሞላው ነው፤ ገብቶሃል?

አሁን ቆፍር። በዝግታ።
ግድግዳው ቀጥ ይበል፣ እንደ ዳቦ ቁራጭ አሳየኝ በእርጋታ።
ላዩ ለስላሳ ነው፣ የትናንት እንግዳ፤
ከሥሩ ድርቅ ያለ፣ የታኅሣሥ ፀሐይ የለሰነው ግድግዳ፤
ከዚያ በታች ጣትህን ስደድ። ምን አገኘህ?»
                                    «ስኳር።»
«አዎ፤ የኅዳር ነው። በመጀመሪያው ቁር
ወርዶ ብቻውን የተኛ፣ እርስ በርሱ ያልተግባባ፣
ሸክም የማይችል ፍሬ፣ ዝም ብሎ ያደባ።
እንግዶቹ ሸርተቴያቸውን ሰም ሲቀቡ ያመሻሉ፤
ሰሙ ያንሸራትታል። ወርቁ ግን ከሥር ነው፣ አካፋ የያዙ ያገኙታል።»

ስንመለስ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፣ እንደታጠበ ሳህን።
«አርባ ነው የምጽፈው?» አለ ሊናርድ፣ ጠመኔ ይዞ፣ በር ላይ ቆሞ እያየን።
ሴራይና ጠመኔውን ከእጁ ተቀብላ ጻፈች፤
«አሥራ ስምንት። ንፋስ። የሰሜኑ ቁልቁለት ዝግ ነው።» ሄደች።

እንዴት ያለ ቀን ነበር! ፀሐይዋ ስትፈካ፣
ያ የተዘጋው ቁልቁለት ተዘርግቶ ዋለ፣ አንድ እግር ሳይነካው፣ ሐር መስሎ ሲያስጎመጅ፣ ሲመካ።
ከሙኒክ የመጣው ሐኪም ትኬቱን ወረወረ፤
«በዚህ ሰማይ? በዚህ ሰማይ!» እያለ ተማረረ።
ሊናርድ ምሳ አልበላም። እኔ ከገመዱ ወንበር ሥር፣
ቀዩን ገመድ ይዤ በአራት ቋንቋ ስሰደብ ዋልኩ፣ አንዱንም ሳልናገር።

ናዳው ግን አልመጣም።
እኩለ ቀን ሆነ፤ አልመጣም።
ጥላው ረዘመ፣ የገመዱ ወንበር ቆመ፤ አልመጣም።
አንዲት ቁራ ብቻ አርፋበት ተነሣች። ከዚያ በቀር ምንም።

«ተሳስተሻል» አልኳት ማታ፣ ሾርባ ስንጠጣ።
«ምናልባት» አለችኝ። ዳቦዋን ነክራ ቆየች፣ እስኪርስ፣ እስኪወጣ።
«እርግጠኛ ብሆን፣ አካፋ ባልያዝኩ።
አሁንም ግን እዚያው ነው፤ ስኳሩ አልሄደም» አለች። ዝም አልኩ።

ሬዲዮው ጀመረ። «ነገ፣ ከአምስት እስከ ሃያ፣ ...»
«ሃያ!» አለ ሊናርድ፣ ከጠረጴዛው ከወዲያ።
እኔ ያቺን ትንሽ ቃል፣ በመካከል ያለችውን፣ ያን ማታ ነው የሰማኋት።
ተነሥቼ ጓንቴን ከምድጃው አጠገብ ሰቀልኳት።