ሁለት ደረሰኝ

በመጋቢት ማብቂያ፣ በረዶው ሲላላ፣
ጭቃው የመኪና ጎማ ሲስብ ወደ ኋላ፣
ሳስካችዋን ውስጥ፣ ሊንደል በምትባል ከተማ፣
አንድ ባንክ፣ አንድ ማደያ፣ ሁለት የእህል ማማ፣
የሰው ግብር አሰላለሁ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ኪስ ስቆጥር
አንድም ቀን ከደጄ አልወጣም ምስጢር።

ኦሪስት ይገባል፣ ቦቲውን ሳያራግፍ፣
የዓመት ወረቀቱን ከጫማ ካርቶን ሊዘረግፍ፤
ናፍጣ፣ ዘር፣ የትራክተር ዕዳ፣
የኢንሹራንስ፣ የጎማ፣ የጎተራ ፍዳ።
ከሁሉም አንዷን ነጥሎ፣
ፊቱ በርበሬ መስሎ፦
«እስቲ እያት ይችን! የማዳበሪያ ሒሳብ!
አምና ቶኑ ስድስት መቶ፣ ዘንድሮ ሺህ! ማን ያስብ?
ጨው እኮ ነው፣ ቀይ ጨው፣ ከእግሬ ሥር የሚቆፈር፣
የደረቀ ባሕር ዝቃጭ፣ ኪሎ ሜትር ታች ከአፈር፤
ከመሬቴ ሥር አውጥተው ለመሬቴ ይሸጡልኛል፣
ማዶ አንድ ወደብ ተዘጋ ብለው ዋጋ ይጨምሩብኛል።
አራሹ እኔ፣ ዘሪው እኔ፣ በላተኛው ሌላ!»
ይፈርማል። ይወጣል። ጭቃው ይቀራል ከኋላ።

ማክሰኞ ደግሞ ቬርና። ሚስቱ።
እሷ ጭቃ አታስገባ፣ ወረቀትም አታበዛ፤
ኮቷን ሳታወልቅ ትቀመጣለች፣ ስስ ፖስታ ይዛ።
ከአክስቷ የወረሰችው አሥራ አንድ ሺህ ዶላር
ለቤት ጣሪያ ተብሎ ሲኖር፣ ሲኖር፣
አንድ ክረምት ነሸጣትና፣ ለማንም ሳታወራ፣
አክሲዮን ገዛችበት፣ ከዚያው ከተረገመው ጎራ።
«ከስንቱ ኩባንያ ለምን ይሄንን?» አልኳት።
ያን ቀን ብቻ ነው ፈገግታ ያየሁባት።
«አርባ ዓመት ሙሉ ባሌ አንድ ስም ሲረግም፣
ይሄን ያህል የተረገመ፣ አልኩ፣ መቼም አይከስርም።
ዋጋው ሲንር እሱ ይከሳል፣ የኔ አክሲዮን ይፋፋል፤
ዋጋው ሲወርድ የኔ ይከሳል፣ የሱ ልብ ያርፋል።
ጎጆው አንድ ነው፤ ከሁለት አንዳችን ይተርፋል።»

ብልህ ናት፣ አልኩ በልቤ።
በዚህ አገር ባልና ሚስት አልጋቸው አንድ፣ ቅጻቸው ሁለት፤
እኔ ነኝ የማገናኛቸው፣ ሲመሽ፣ መብራት ሥር፣ በዝምታ ሰዓት፦
የሱ ደረሰኝ ተጨማዷል፣ የናፍጣ ወዝ አለበት፤
የሷ ንጹሕ ነው፣ መታጠፊያው ስለት።
ከሱ ኪስ የወጣው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ፣
በኒው ዮርክ ገበያ አድሮ፣
የትርፍ ድርሻ ተብሎ፣ ሳንቲም በሳንቲም፣
ተመለሰ ወደዚያው ጓሮ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ።
በአራተኛው ዋጋው ወረደ።
ኦሪስት ሳቀ፣ ዶናት ገዛልኝ፤
ቬርና ወረቀቷን አየች፣ አጠፈች፣ «ደግ ነው» አለችኝ፤
«አሁን የሱ ተራ።»
ሰማይ ግን አክሲዮን የለውም፣ ስሌት አይፈራ።
ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ፣
ካኖላው አብቦ ሳለ፣ ምድር ከዳር እስከ ዳር ቢጫ፣
ወረደበት የእንቁላል አክል የበረዶ ጡጫ።
ማሳው ተላጨ።
አክሲዮኑም እንደ ወረደ ነው።
«ከሁለት አንዳችን» ያን ዓመት አልሠራም።

በመጋቢት ኦሪስት መጣ። ካርቶኑ ቀሏል።
«የማዳበሪያ ነጋዴው ቀሪ ዕዳዬን ተወልኝ፤
ሰው ገና አለ» ይላል።
ደረሰኙን አገላበጥኩ፦ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ዶላር፣
ኅዳር ሦስት፣ ተከፍሏል።
የቬርና ፖስታ ቀድሞ ደርሶኝ ነበር፦
አክሲዮኑ በሙሉ፣ ኅዳር ሁለት፣ ተሽጧል።
ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ሰባት።
ሰባቷ ዶላር ብቻ ቀርታላታለች፣
ከጣሪያ፣ ከአክስት፣ ከአራት ዓመት ስሌት።

ምላሴን ነከስኩ።
«አዎ፣ ሰው አለ» አልኩና ብዕር አቀበልኩ።
ፈረመ። ተነሣ። በሩ ላይ ቆም አለ።
ቦቲውን አየ፤ ጭቃውን አየ፤
ከዚያ ውጭውን፣ ደረጃዬን፣ ለረጅም ጊዜ።
«በረዶ ይዟል» አለ፣ ዓይኑን ሳይመልስ።
«ማክሰኞ እሷ ሳትመጣ፣ አሸዋ ነስንስበት።»