አራተኛው ጂግለር

ቤቱ ሲሸጥ ጊዜ አጎቴ ብራጊ
ሶፋውን መረቀ፣ አልጋውን መረቀ፤
የግቢ መጥበሻው ጋ ሲደርሱ ግን ደርቆ፣
«እሱ ከኔ ጋር ነው» ብሎ ተናነቀ።

በፒክአፕ ጭኖ ከዊኒፔግ ጊምሊ፣
ካራቫኑ አጠገብ ሣር ላይ አወረደው።
ቧንቧ የለም እዚህ። የከተማው ጋዝ
ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል፤ ገዢው ነው የወሰደው።

ያለው ሲሊንደር ነው፤ ነጭ፣ ወገበ ድፍን፣
ከነዳጅ ማደያው ተሞልቶ የመጣ።
«ይኼ» አለኝ አጎቴ፣ በጥፍሩ እያንኳኳ፣
«ጉልበቱ ሌላ ነው፤ የሚይዘው ካጣ
ቅንድብህን ይዞ ይሄዳል።»

መመሪያው የተጻፈው በሁለት ቋንቋ ነው፤
አጎቴ በሁለቱም አላነበበውም።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የባቡር ፍሬን ይዞ
ወረቀት አይጠይቅም።

«የድሮው» አለ፣ «ድንገት ሲያመልጥ
ቀላል ነው፣ ሽቅብ ነው፣ ለሰማይ ነው የሚሰጥ።
ይኼኛው ከባድ ነው። ካመለጠ ይተኛል፣
ሣር ለሣር ይሄዳል፣ ጫማህ ስር ይገኛል፣
ክብሪት እስኪመጣ
ትንፋሹን ውጦ።»

ጂግለሮቹን ፈታን።
አራት የነሐስ ፍሬ፣ ከሽምብራ ያነሰ፣
መሐሉ የተበሳ። አንዱን ወደ ብርሃን ይዤ ባየው
ሐይቁ በሙሉ አንድ ነጥብ ሆኖ ዓይኔ ደረሰ።
የአዲሶቹ ቀዳዳ ግን እንኳን ሐይቅ ሊያሳይ
የፀጉር ዘለላ ቢገባው ነው።

«ጋዙ ከበረታ በሩ ለምን ጠበበ?»
አልኩኝ። አክስቴ አስዲስ ከወንበሯ ሆና፣
«የበረታ ነገር ሰፊ አፍ አይሰጠውም፤
ይኸው አርባ ዓመቴ፣
የሱ ጂግለር እኔ ነኝ» አለች፣ ባሏን ሳታይ።

ሦስቱን አሰርናቸው። አራተኛው ግና
ከወፍራም ጣቶቹ ሾልኮ ሣር ውስጥ ገባ።
ተንበርክከን ፈለግን። የጉንዳን ጎጆ፣ ቡሽ፣
የዛገ መንጠቆ፣ የደረቀ አበባ፤
እሱ ግን የለም። ማግኔት ይምጣ ብዬ ተነሣሁ፤
«ነሐስና ማግኔት አይተዋወቁም» አሉኝ
ሁለቱም ባንድ አፍ፣
በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው።

ጎረቤቱ ዋሲል ትራፓኖ ይዞ መጣ፣
«የድሮውን ስጠኝ፣ በስቼ ላብጅልህ» አለ።
አጎቴ ሳቀና፣ «ማስፋት ማንም ያውቃል፤
የሰፋን ቀዳዳ የሚያጠብ የታለ?»
ዋሲል ትራፓኖውን እንደ ሽጉጥ ይዞ
ትንሽ ቆመ።
ከዚያ ቢራ ተቀብሎ ተቀመጠ።

አስዲስ ሳሙና በጥብጣ፣ በቀለም ብሩሽ
መጋጠሚያውን ሁሉ ቀባች እየዞረች።
ከሬጉሌተሩ ስር አንድ አረፋ አበጠ፤
«ይኸው ወሬኛው!» ብላ ጣቷን ቀሰረች።
በቁልፍ ሩብ ዙር። አረፋው ከሰመ።

ክብሪት ተጫረ። ሦስቱ ተራ በተራ
ጫፋቸው ቢጫ ሆኖ ተንቦገቦጉ፤
የአየር መዝጊያውን ገፋ፣ ደግሞ ገፋ፣
ሰማያዊ ሆነው እስኪረጋጉ።

አራተኛውን ግን በብሎን ደፈነው።
«አሮጌው ጂግለር ቢገባበትስ?» አልኩ።
ቅንድቡን ዳሰሰ።
ማንም ተሳስቶ እንዳይከፍተው ብሎ
ማዞሪያውን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።
የሐይቁ ዓሣ በሦስቱ ላይ በሰለ፤
በቀዝቃዛው ጥግ ሳህኖቹን ደረደርን።

አሁንም ሐይቁ ዳር ስሄድ አያለሁ፤
አጎቴ ጮክ ብሎ ማውራት ሲጀምር፣
ስለ መንግሥት፣ ስለ ሆኪ፣ ስለ ቤቱ ዋጋ፣
አስዲስ ቀና ትላለች፣ አንድ ቃል ሳትጨምር።
እጁ ኪሱ ይገባል።
ያቺ ማዞሪያ
ቀጭ ስትል እሰማለሁ።