ግብር የተከፈለበት ቀለም

የቱቦ ቀለም ዋጋ ጣራ በነካ ጊዜ፣
ሰባታችንንም ሲጫጫነን ትካዜ፣
አጣናው አንድ ማለዳ በባጃጅ ጭኖ መጣ
ከአንገረብ ግድብ ሥር የተዛቀ ጣጣ፦
አንድ ጆንያ ደለል፣ ገና ውሃ የሚያነባ።
አከራያችን ወጣች፤ «ምንድነው ይሄ አዛባ?»
«ቀለም ነው» አላት።
ሳቀች። እኛም ሳቅን፤
እስክናሰጣው ድረስ ምኑን ከምኑ አወቅን?

ፀሐይ አስመታነው፣ ወቀጥነው፣ በሻሽ ነፋነው፣
በግራር ሙጫ ለውሰን በየጣሳው ለየነው።
መለየቱ የትርንጎ፤ ዓይኗ ወንፊት ነው፦
ቀዩ ድልህ የመሰለ፣ ቡናማው የጠላ አተላ፣
ግራጫው የወንዝ ሆድ፣ የከረመ ባቄላ።
አንዱ ግን ስም አጣ፤ ተቸገርን በዚያ ቀለም፣
ጥቁር ብለን ብንጽፍ፣ ጥቁርም አይደለም፣
ሲረጥብ ወይን ጠጅ፣ ሲደርቅ የበሬ ቆዳ፣
ከየት ተዳፋት ወርዶ እንደሆን፣ ከየትኛው ጓዳ።
እኔ እጄ ለሥዕል ሰነፍ፤ ሙጫ ነው ሥራዬ፤
ስም ባጣው ጣሳ ላይ ጻፍኩበት፦ «የሰው ቀዬ»።

እንየው ጀሪካን ሣለ፣ ቦኖ ፊት የተሰለፈ፤
ቢጫ ስላልነበረን ሁሉም ጠይሞ አረፈ።
ውብዓለም ወንዝ ሣለች፣ ይሄን ምስኪን ቀሃ፣
ፌስታል ለብሶ የሚያነክሰውን፣ በስሙ ብቻ ውሃ።
አጣናው ስም የለሹን ወሰደ፤ ሁለት ክንድ በሦስት ክንድ፣
ተዳፋት ብቻ ሣለ፣ ጎጆ የሌለው፣ የሌለው አንድም ግንድ።
ሲጨርስ እጁን አልታጠበም። ውሃም አልነበረ።

ጥር ላይ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ግቢውን ከፍተን አሳየን፤
እንግዳው «አቤት!» እያለ፣ ፎቶ እያነሳ ተለየን።
አንድ ባለ ሆቴል መጣ፣ ለትልቁ ዋጋ ጠራ፤
አከራያችን ሰማች፤ ፊቷ እንደ ፋኖስ በራ።

አያ አዝመራው የገባው ያን ቀን ነው፣ በግ ሸጦ፤
ለጥላ ብሎ ነበር፣ በር ላይ ትንሽ ተቀምጦ።
ከዚያ ብድግ አለ። ወደ ትልቁ ሸራ ቀረበ።
በጣቱ ነካ። ጣቱን ላሰ። ዓይኑን ጨፍኖ አነበበ።

«ይሄ የኔ ማሳ ነው።»

ዝም አልን።

«ከሾላው በታች ያለችው። ጤፍ ዘርቼ ሦስት ዓመት
እያየኋት የተነሳች፣ በሐምሌ ጎርፍ፣ በሌሊት።
ግብሯን ግን ዛሬም ድረስ እኔው ነኝ የምከፍል፤
ደረሰኝ አለኝ» አለ፣ ከኪሱ ሊያወጣ ሲል።

ባለ ሆቴሉ ሳቀ። ስልኩን አውጥቶ ወጣ።
እኛ ግን መልስ ከየት፣ ከየትኛው ጣሳ ይምጣ?
አፈርን በጆንያ ጭነን፣ አፈርን ሸራ ላይ ለስነን፣
ካንድ ገበሬ ፊት ቆመን፣ ያኔ ነው
አፈርን።

ሸራው አልተሸጠም። በግንቦት ተሸክመነው ወጣን፣
አያ አዝመራው ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ትንፋሽ እያጣን።
ከሾላው ግርጌ እርከን ካብን። ድንጋይ ማቀበል አይከብድም፤
ሥዕል የማይችል እጅም ለካብ አይሰንፍም።
የውብዓለም ጥፍር ተነቀለ፤ እንየው «ወገቤን» አለ፤
ሸራው ከካቡ ጀርባ፣ ፊቱ ወደ ሰማይ፣ ተንጋለለ።
የቀረው ሠዓሊ ሐምሌ ነበር።

መስከረም ላይ ሄድን። አቡጀዲው ነጥቷል፣ ተራቁቷል፤
ከሥሩ፣ ካቡ ጥግ፣ ሁለት ጣት ጭቃ ተኝቷል።
«ለሁለት ጣት?» አልኩኝ።
አያ አዝመራው ጎንበስ አለ፤
«ለእፍኝ ሽምብራ አታንስም» አለና ቆጥሮ ተከለ።

አከራያችን አኩርፋለች፤ ኪራይ አለብን የሦስት ወር።
ትርንጎ ዛሬም ቤት ስትጠርግ አቧራውን አትደፋ፣
በጣሳ ታጠራቅማለች፣ ብናኝ እንኳ እንዳይጠፋ።
«ምን ይታወቃል» ትላለች፣ ክዳኑን ጥብቅ አርጋ፣
«ደረሰኝ የያዘ ሰው ይመጣ ይሆናል ሲነጋ።»