ራሱን አሳየኝ

በሂዩማ ሰሜን ዳርቻ፣
ማዕበል ባደረ ማግስት፣ አሸዋው ገና ሳይደርቅ፣
ባልዲ ሲንኳኳ እሰማለሁ፣ ከጥዱ ማዶ፣ ከሩቅ።
ራይጎ ነው፤ በአንድ ትከሻው መቆፈሪያ፣
በአንዱ ብረት ሲሸት የሚጮኽ መፈለጊያ።
ሥራው ፖስታ ማደል ነው፤ ልቡ ግን ከባሕሩ ያድራል፤
የሰው ደብዳቤ መኪናው ውስጥ አሸዋ ለብሶ ይከርማል።

"ሌምቢት፣ ወርቅ ጫኝ ነበረች!" ይለኛል ገና ከበር፤
"ጠረጴዛው ላይ አኑረው፤ ሳትፈገፍገው ይደር።"

ስድሳ ዓመት ጀልባ ስጠርብ መጋዝ ሁለት ጣት ቢበላኝ፣
በቀሩት ስምንቱ ዳስሼ ምስማር መለየት አላቃተኝ።
ዕድሜውን ኋላ ትጠይቃለህ፤ መጀመሪያ ራሱን አሳየኝ፤
ዝገት እንደ ሽበት ነው፤ ስንቱ ጎረምሳ አታለለኝ!

ይኸኛው ራሱ ወደ አንድ ጎን፣ እንደ ቆብ የተደፋ፣
የባቡር ነው። ወታደሮቹ ሄዱ፤ ሐዲዳቸውም ጠፋ።
ይኸ ደግሞ አካሉ ክብ፣ ጫፉ እንደ መርፌ ሾሎ፣
ከከብት በረት ነው የመጣ፣ ከባሕር ነኝ ብሎ።
መዳብ ሲሆን ማግኔቴ ዝም፣ እንደ ተቀየመ ባል፤
ትል እንዳይበላት ለመርከቢቱ የመዳብ ልብስ ሰፍቶላታል።
የእንጨት ችንካርም አለ፤ የኛው ደሴት ጥድ ነው፤
ውኃ ሲጠጣ እያበጠ፣ ከብረት በላይ የሚይዘው፤
መፈለጊያህ እንጨት አይሰማም፤ ስንቱን ረግጠህ አለፍከው!

አራት ማዕዘን አካል፣ ራሱ ላይ አምስት የመዶሻ ፊት፣
ወናፍ ያየ፣ ላብ የጠጣ፣ ያ ነው የመርከብ ብረት።
ጫፉ እንደ መሮ የሰላ፣ ሳንቃው እንዳይሰነጠቅ፣
የእንጨቱን ጅማት አቋርጦ፣ እየቆረጠ እንዲጠልቅ።

ከባልዲው ሥር አንድ ቀረ፤ ከስንዝር የሚተርፍ፣ ከባድ፣
ከጠጠር ጋር የተቃቀፈ፣ ለመላቀቅ የማይፈቅድ።
ሰኞ ኮምጣጤ ውስጥ ነከርኩት። ሐሙስ ጠጠሩ ለቀቀ።
ራሱ አምስት ፊት። መሮው ደህና። የራይጎ ዓይን ፈነደቀ።
አንድ ጊዜ ታጥፎ ኖሯል፤ ደግሞ በመዶሻ ተቃንቷል።
ከራሱ እስከ ታጠፈበት አሥር ጣት ወጣን ለክተን፤
ስምንቱ የኔ፣ ሁለቱን ከራይጎ ተበድረን።
አሥር ጣት የሚወፍር እንጨት ትንሽ ጀልባ አይሸከምም፤
ትልቅ መርከብ ነበረች። ራይጎ ጻፈ። እኔ ግን አልጨረስኩም።

ከራሱ ሥር፣ አንገቱ ላይ፣ ሁለት የጥርስ ንክሻ አለ፤
ዝገቱ ነው በንክሻው ላይ ኋላ መጥቶ የበቀለ።
ማለት፦ ገና ብረቱ ሲያበራ፣ መርከቢቱ ሳትበሰብስ፣
አንድ ሰው በጉጠት ነቅሎታል፣ ደወሏ ገና ሲያለቅስ።
አንደኛው ጥርስ ጠልቋል፤ የሁለተኛው ግማሹ የለም።
ይህን ንክሻ አውቀዋለሁ። ቀና ብዬ አላየሁም።

የአያቴ ጉጠት ግድግዳው ላይ፣ ከመጋዙ ጎን ተሰቅሏል፤
አባቴ ሠርቶበታል፣ እኔም፤ አንድ ጥርሱ ከጥንት ጎድሏል።
"በጨረታ የተገዛ እንጨት ነው" ይሉ ነበር ስለ ቤታችን፤
አሥር ጣት በሚወፍር አግዳሚ ሥር ተኝተናል በልጅነታችን።

"ስሟ ማን ነበር?" አለ ራይጎ። "ስንት ያወጣል ብሸጠው?"
"ምስማር ላይ ስም አይጻፍም፤ መዝነህ ለቆራሌው ስጠው።"
ሳቀ። የምቀልድ መሰለው። እኔን ግን ቃሌ አሳፈረኝ፤
ስንቱን ራሱን አሳየኝ ስል፣ አንዱ ራሴን አሳየኝ።

ጉልበቴን ይዤ ተነሣሁ። ጉጠቱን ከግድግዳ አወረድኩ።
ምንም አልተናገርኩም፤ ጥርሱን ከንክሻው ላይ አሳረፍኩ።

ገጠመ።

ራይጎ እርሳሱን አስቀመጠ።