ሰም ቀቢው

ወርቅ የምትጠይቁኝ፣ እኔ ሰም ቀቢ ነኝ፤
ካውያና ብሩሽ ነው ከእጄ የማይለየኝ።
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ምሽት በመጣ ቁጥር፣
የፍሪዶሊንን ስኪ ገልብጬ በወንበር፣
ጠብ ጠብ እያደረግሁ ሰም ሳቀልጥ ነበር።

አገራችን ጠባብ ናት፤ ቁርስ በልቶ የወጣ
ብስክሌተኛ ድንበር ያልፋል ምሳ ሳይመጣ።
ስፋቷ ወደ ላይ ነው፤ እንደ ሸሚዝ ዘርግቶ፣
ተራራዋን በካውያ የሚተኩስ ሰው መጥቶ
ቢያለሰልሳት ኖሮ፣
ስንቱን ትልቅ አገር ባለበሰች ዘንድሮ።

እናቱ ኦቲልያ፣ ጥርስ ፋብሪካ ውላ፣
የማታውቀውን ሰው ሳቅ በቀለም ከፋፍላ፣
ትመጣለች ሽቴግ፣ ዋሻውን አቋርጣ፤
ሻይ በፔርሙስ ይዛ፣ ከበረዶው ዳር ተቀምጣ፣
ልጇ ባለፈ ቁጥር፣ «ስምንት... ዘጠኝ...» ትላለች።
ሦስት ሰዓት ሲሞላ መብራቱን ያጠፋሉ፤
እሷ ግን አትነሳም፤ በጆሮዋ ትቆጥራለች፤
ሽው... ሽው... የልጇን ከወንዙ ትለያለች።

ለታላቁ ውድድር የሄድን ጊዜ፣ ከነባንዲራው
አንዲት ሚኒባስ በቃችን፤ ባዶ ነበር የኋላው።
ዱላ ቅብብል አራት ሰው ይፈልጋል፤
እኛ አንድ ነበርን።
እኔን አትቁጠሩ፤ ሰም የት ይቆጠራል?

ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነው።
ከዳገቱ ወገብ ላይ ዘንጉ ቀጭ ብሎ ሄደ።
ቀይ ኮፍያ ያደረገ የሌላ አገር አሰልጣኝ፣
ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ፣ የራሱን ዘንግ ሰደደ፤
በስንዝር ይረዝማል።
አንድ እጁ ከሰማይ፣ አንድ እጁ ከምድር እየቀዘፈ፣
ትከሻው እንደተንጋደደ፣
ሠላሳ ስምንተኛ ሆኖ መስመሩን አለፈ።
ሠላሳ ስምንተኛ! የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ
ቁጥሩን በስኳር ጽፎ መስኮቱ ላይ ለጠፈ፤
እስኪሻግት አላነሳውም።

የመጨረሻው ግን የኔ ነው፤ ልናገር።
ሌሊቱ ብርድ ነበር፤ ኮከቡ እንደ ጨው ተበትኖ፤
ለደረቅ በረዶ የሚሆን ሰማያዊ ሰም ቀባሁ፣
ተማምኜ፣ ተኛሁ።
ጎህ ሲቀድ የደቡቡ ሞቃት ነፋስ ደረሰ፤
የጣሪያው ጠርዝ ሁሉ ያለ ሐዘን አለቀሰ።
ፍሪዶሊን ዳገት ላይ፣ አንድ ሲራመድ ወደፊት፣
ሁለት ይንሸራተታል፤ ሰሜ አልያዘለት።
መሪዎቹ ደረቡት።
ደንቡ ደንብ ነው፤ የተደረበ ይውጣ።
ወጣ። ወደ እኔ መጣ።
እጄን አየ። ካውያው ገና አልበረደም ነበር።
«ማይንራድ፣ እግርህ ረጥቧል» አለኝ፣ «ጫማ ቀይር።»

ሰሙ ሲፋቅ ወርቁ ይገኛል ይላሉ የተማሩ ሰዎች።
እኔ ፍቄ አውቃለሁ፤ ሃያ አንድ ዓመት ፍቄያለሁ፤
ከሰሙ ሥር እንጨት ነው፣ በኋላ ዘመን ፕላስቲክ፣
ከዚያ ሥር ፍሪዶሊን።

አሁን ያን ትልቅ መኪና ይነዳል፤
ሌሊት በረዶውን ደልድሎ መስመር ያወጣል፣
ሁለት ጎን ለጎን፣ ቤት እንደመታ ስንኝ፤
ጠዋት ልጆች መጥተው እስኪያፈርሱት ድረስ።
አንዳንድ ሌሊት ግን ሞተሩ ድንገት ዝም ይላል፤
መብራቱም ይጠፋል።
ከአልጋዬ ሆኜ እሰማለሁ፤ ሽው... ሽው...
ምን ሰም ቀብቶ እንደሆነ
አልጠየቅሁትም እስካሁን።