ሁለት ኪሎ

ልጅ ሆኜ፣ አዳማ፣ መናኸሪያው በር ላይ፣
ሚዛን ነበር ሥራዬ፤ ከማለዳ ፀሐይ
እስከ ማታ አቧራ፣ አንድ ብር ለአንድ ሰው።
ወፍራም ይሥቅበታል፣ ቀጭኑን ይከፋው፣
ሁሉም ቁጥሩን ሰምቶ መንገዱን ይሄዳል።

አንድ ሽማግሌ ግን ጧት ጧት ይመጣል።
ጫማውን ያወልቃል፣ ኮቱን ያወልቃል፣
ቀበቶውን ፈትቶ እኔን ያስይዘኛል፤
ትንፋሹን ውጦ፣ እንቁላል እንደሚረግጥ፣ ቀስ ብሎ ይወጣል።

«ስንት አለ?»
«ሃምሳ ሁለት።»
«ምሳ የለም ዛሬ።»

አንድ ቀን ደፍሬ፣ «ምን ይቀነስ ካንተ?
አጥንት ነህ፣ ጋሼ» አልኩት። እሱም ጎተተ
የድሮውን ነገር፣ ከሚዛን ሳይወርድ፦

«ሞቱማን ማን ያውቃል? በቦራዬ ስም ነው
አባ ቦራ የምባል፤ እሷ ናት ያቆመችው።
ስምንት ዋንጫ በላሁ፤ እንጀራ ግን እንጃ!
ግልቢያው ሲቃረብ ሎሚ ነበር ስንቄ፣
ብርድ ልብስ ደርቤ፣ በወንጂ ጠራራ፣
ላቤን እንደ ሸንኮራ ከገላዬ ጨምቄ።
ለእኔ አንዲት ጉርሻ፣ ለጀርባዋ ድንጋይ፤
ቀልዬ ነው የረታሁ፣ ጎበዝ ሆኜ አይደለም።
ከዚያ መታጠፊያው ላይ፣ በዘጠነኛው ዋንጫ፣
ተያይዘን ወደቅን። ለእኔ ሦስት ጎድን፣
ለእሷ የፊት እግሯ። ጌታዋ ሸጣት።
‹ለማን?› ብዬ ብለው፣ ‹ለገዛት› አለኝ።»

ተከተልኩት ያን ቀን እስከ ጋሪ ተራ።
ግንባሯ ላይ ነጭ፣ ትከሻዋ የተላጠ፣
ዝንብ ከዓይኗ ማባረር የተወች ባዝራ።
ባለጋሪው ስሟን አያውቅም፤ «አንቺ!» ነው የሚላት።

ሽማግሌው ሒሳብ ከፈለ፣ እስከ ቦኩ ድረስ።
አልወጣም።
ልጓሟን ዳሰሰና ከጎኗ በእግሩ ሄደ።
«ኧረ ውጣ አባቴ! ከፍሎ የሚራመድ ዛሬ ገና አየሁ»
ብሎ ሣቀ ባለጋሪው።
«ገና ነኝ» አለው። «ሃምሳ ስገባ።»

ሐምሌ ላይ ቀረ። ባዝራዋም ከተራው ጠፋች፤
የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

ዛሬ ባጃጅ እነዳለሁ። ሦስት ሰው ከኋላ፣
አንድ ከጎኔ፤ ክብደታቸውን አልጠይቅም።
ሚዛኑ ከወንበሬ ሥር ነው። አልሸጥኩትም።
አንዳንድ ሌሊት አውጥቼ መሬት ላይ አኖረዋለሁ፤
ማንም ሳይወጣበት፣
መርፌው ዜሮን አልፎ ይቆማል።

ያኔም እንዲሁ ነበር። አውቅ ነበር።
ሁለት ኪሎ ማንን ይጎዳል ብዬ ነው።